ቬጋስ መጥታችሁ ሶስት ቀን ካላችሁ፦ ስትሪፑ ይሻላል ወይስ በረሃው?

ቬጋስ መኖር ከጀመርኩ ቆየሁ፣ የተወሰነ አመት ታክሲም ነድቼበታለሁ፣ እና በየአመቱ ከዲሲ ከዳላስ ከሲያትል አንዳንዴም ቀጥታ ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣብን ሻንጣውን ሳያወርድ የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ነው፣ "ሶስት ቀን ነው ያለን፣ ምን ብናይ ይሻላል?" እኔም ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው አንዴ በደንብ ልጻፈውና ማን የቱን እንደሚመርጥ ራሱ ይየው ብዬ ነው። ሰዓትም አመተ ምህረትም የምጽፈው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትሳሳቱ።

መጀመሪያ የኔን ሀሳብ ልንገራችሁ፣ ጠዋቱን ለበረሃው ማታውን ለስትሪፑ፣ ማለትም ትልልቆቹ ሆቴሎችና ካዚኖዎች ለተደረደሩበት ዋና መንገድ፣ ስጡ። አብዛኛው እንግዳ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፣ ሌሊት እስከ 3 ሰዓት ካዚኖ ውስጥ ይቆያል፣ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል፣ ከዛ በጣም በሚሞቅበት ሰዓት ተነስቶ ስትሪፑን በእግሩ ይጓዛል፣ ማታ ሲሆን ደክሞታል፣ በሶስተኛው ቀን ወደ ኤርፖርት ስወስደው "ቬጋስ እንደሚወራለት አይደለም" ይለኛል። እኔ ደሞ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ከሆቴሉ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢነዳ ምን ያይ እንደነበር አውቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ ስትሪፑ

ስትሪፑ ከአራት ማይል ትንሽ ይበልጣል፣ እና በካርታ ስታዩት ቅርብ ይመስላል ግን ሆቴሎቹ ከመተለቃቸው የተነሳ "እዛጋ ያለው" የምትሉት ህንጻ ጋ ለመድረስ ሀያ ደቂቃ ሰላሳ ደቂቃ ይፈጃል፣ መንገድ ለመሻገር ራሱ ድልድይ ወጥታችሁ ወርዳችሁ ነው። ምቹ ጫማ አድርጉ፣ በተለይ ሴቶች ማታ ለፎቶ ብላችሁ ተረከዝ ያለው ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ፣ ስንቷን ጫማዋን በእጇ ይዛ ታክሲ ስትጠብቅ አንስቻለሁ።

ሆቴል ስትይዙ ያያችሁት ዋጋ ሁሉንም ክፍያ የጨመረ መሆኑን እዩ። ሪዞርት ፊ የሚባል ነገር አለ፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች ጋ በአዳር ብዙ ጊዜ ከ40 ዶላር በላይ ይጨምርባችኋል፣ ፓርኪንግም ብዙዎቹ ያስከፍላሉ። ስለዚህ መኪና ተከራይታችሁ በረሃውን ለማየት ካሰባችሁ ከስትሪፑ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ፓርኪንግ ነጻ የሆነ ሆቴል መያዝ ይሻላችኋል፣ ማታ ማታ በኡበር ወይ በአውቶቡስ ትገባላችሁ። መኪና ካልያዛችሁና ሁለት ሌሊት ብቻ ከሆነ ግን ስትሪፑ መሀል ማደሩ ያዋጣል፣ ለመመላለሻ የምታወጡት ይቀንሳል።

አሁን ምን ከምን ይሻላል ወደሚለው ልግባ። በነጻ ከሚታየው የቤላጂዮን ፏፏቴ የሚያክል የለም፣ ከ1998 ጀምሮ አለ፣ ማታ በየ15 ደቂቃው በሙዚቃ ይወጣል፣ ሁለት ሶስት ጊዜ ቆማችሁ እዩት ዘፈኑ ይለያያል። እዛው ሆቴል ውስጥ በአበባ የተሰራ የአትክልት አዳራሽ አለ፣ እሱም ነጻ ነው፣ በየወቅቱ ይቀየራል፣ እናቶች በጣም የሚወዱት እሱን ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ "እሳተ ገሞራው የታለ" እንዳትሉ፣ እሱ የነበረበት ሚራዥ ሆቴል በ2024 ሐምሌ ላይ ተዘግቷል፣ ትሮፒካናም በዛው አመት ፈርሷል።

ከሚከፈልበት ውስጥ አንድ ቲኬት ብቻ ለመግዛት አቅም ካለኝ የቱን ልግዛ ካላችሁኝ ስፊርን ነው የምላችሁ። በ2023 መስከረም የተከፈተው ትልቁ ክብ ህንጻ ነው፣ ቁመቱ 366 ጫማ፣ ውስጡ ያለው ስክሪን ከፊታችሁ ተነስቶ ከአናታችሁ በላይ አልፎ ይሄዳል። ግን ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ አራት ሰው ከሆናችሁ ደምሩት፣ ያን ብር ለሁለት ቀን መኪና ኪራይ ብታደርጉት አራታችሁም ከተማው ዙሪያ ያለውን ሁሉ ታያላችሁ። ከውጭ ደሞ ሲበራ በነጻ ይታያል፣ ልጆች ካሏችሁ ከውጭ ብቻ አሳዩዋቸው ይበቃቸዋል።

ከፍታ ለሚወድ ሁለት ምርጫ አለ። ሃይ ሮለር የሚባለው ትልቁ መሽከርከሪያ 550 ጫማ ነው፣ አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ክፍሉ ሰፊና ኤሲ ያለው ስለሆነ መዞሩ ራሱ አይታወቃችሁም፣ እና ጸሀይ ስትጠልቅ ግቡ፣ ግማሹን ዙር በብርሃን ግማሹን በመብራት ታያላችሁ። ስትራት የሚባለው ማማ ደሞ 1,149 ጫማ ነው፣ እጥፍ ማለት ነው፣ ጫፉ ላይ የሚያስጮሁ መጫወቻዎች አሉት። ለእናት ለአባት የመጀመሪያው፣ ለሀያ አመት ልጅ ሁለተኛው።

ፍሪሞንት ስትሪት የድሮው ከተማ ነው፣ መንገዱ ላይ 1,375 ጫማ የሚረዝም ስክሪን እንደ ጣራ ተዘርግቶበታል፣ መግቢያ የለውም፣ ከስትሪፑ ይልቅ ሞቅ ያለ ነው፣ እኔ በግሌ ከጓደኛ ጋር ስሆን እሱን እመርጣለሁ። ግን አርብና ቅዳሜ ማታ ሲመሽ ሰካራሙና ራቁቱን የሚሄደው ስለሚበዛ ከእናቴ ጋርም ከልጆች ጋርም አልሄድም፣ ከወሰዳችኋቸውም ገና ሲጨልም ገብታችሁ ቶሎ ውጡ። እዛም ስትሪፑ ላይም ልብስ ለብሰው ወይ ሳይለብሱ "ፎቶ እንነሳ" የሚሏችሁ ሰዎች ነጻ አይደሉም፣ ፎቶው እንዳለቀ ብር ይጠይቃሉ፣ ካልፈለጋችሁ ሳትቆሙ እለፉ።

ስለ ካዚኖው በግልጽ ልንገራችሁ

መቼም ቬጋስ መጥቶ ካዚኖ ሳያይ የሚመለስ የለም፣ እኔም አትግቡ አልልም። እድሜ 21 መሙላት አለበት፣ ልጆች ከናንተ ጋር አልፈው መሄድ ይችላሉ እንጂ ማሽኑ ጋ መቆም አይችሉም፣ ጥበቃው ይመጣባችኋል።

ግን ሁሉም ጨዋታ አንድ አይደለም። ሩሌት ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት መንኮራኩሩ ላይ ስንት ዜሮ እንዳለ ቁጠሩ፣ አንድ ዜሮ ያለው ላይ ካዚኖው በአማካይ ከምታስይዙት 2.7 ፐርሰንት ይወስዳል፣ ሁለት ዜሮ ያለው ላይ 5.26፣ አሁን አሁን ስትሪፑ ላይ የበዛው ሶስት ዜሮ ያለው ደሞ 7.69 ነው፣ ጠረጴዛው ግን ለአይን አንድ አይነት ነው። ብላክጃክ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ላይም እንደዚሁ ጠረጴዛው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ 3 ለ 2 የሚለው ላይ በ10 ዶላር ብላክጃክ ሲወጣላችሁ 15 ይከፍላችኋል፣ 6 ለ 5 የሚለው ላይ 12 ብቻ። የስሎት ማሽን ደሞ መብራቱና ድምጹ እያሸነፋችሁ እንዲመስላችሁ ነው የተሰራው፣ አንድ ዶላር አስገብታችሁ 40 ሳንቲም ሲመልስላችሁ ራሱ እንደ ሰርግ ይጨፍራል።

የማጣው የማይቆጨኝ ብር ስንት ነው ብላችሁ በካሽ ለዩ፣ ካርዱን ሆቴል ክፍል ውስጥ ቆልፉበት። ይሄን የምለው ልመክራችሁ ፈልጌ ብቻ አይደለም፣ እዚህ ከተማ ከኛ ሰው ውስጥ ደሞዙን በተቀበለ ማታ ጨርሶ ቤት ኪራይ ያጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ አገር ቤት ለቤት መስሪያ የላኩለትን ብር ያስበላ ሰው አውቃለሁ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ሰነፎች አይደሉም፣ በቀን አስራ ሁለት ሰዓት የሚሰሩ ናቸው። እና አብሯችሁ የመጣ ሰው "ያጣሁትን ልመልስ" ማለት ከጀመረ እጁን ይዛችሁ አውጡት፣ በማግስቱ ጠዋት በረሃ ውሰዱት።

ሬድ ሮክ ወይስ ቫሊ ኦፍ ፋየር?

ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው፣ ሁለቱም ቀይ ድንጋይ ናቸው፣ ፎቶ ላይ አንድ ይመስላሉ፣ ቦታው ላይ ግን በጣም ይለያያሉ።

ሬድ ሮክ ካንየን ከስትሪፑ ወደ ምዕራብ 17 ማይል ነው፣ ግማሽ ሰዓት በሉት። 13 ማይል የሚሆን አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚኬድበት መንገድ አለው፣ በመኪና እየነዳችሁ ደስ ባላችሁ ቦታ ትቆማላችሁ፣ ተራራው ታች ቀይ ላዩ ነጭ ነው፣ ዙሪያውን አንዳንዴ የዱር አህያ ታያላችሁ፣ እናቴ መጀመሪያ ስታይ "እዚህም አህያ አለ!" ብላ ከሁሉ በላይ የተደሰተችው በሱ ነው፣ ግን ምግብ እንዳትሰጧቸው፣ ወደ መንገድ ይለምዱና መኪና ይገጫቸዋል። መግቢያው ለመኪና 20 ዶላር ነው። ዋናው ነገር ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 ባለው ጊዜ ከጠዋቱ 8 እስከ 5 ሰዓት ለመግባት ቀድማችሁ ኢንተርኔት ላይ በ2 ዶላር ሰዓት መያዝ አለባችሁ፣ ይሄን ሳያውቁ ሄደው ከበር የተመለሱ ስንት እንግዶች አሉ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ። ከ8 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ግን ቀጠሮው አያስፈልግም፣ ለዛም ነው ጠዋት ተነሱ የምለው፣ ደሞ በዛን ሰዓት ነው ድንጋዩ ላይ ጸሀይ የምታርፈው።

ቫሊ ኦፍ ፋየር ደሞ ወደ ሰሜን ምስራቅ 50 ማይል ገደማ ነው፣ ሰዓት የሚጠጋ መንገድ። የኔቫዳ ስቴት ፓርክ ነው፣ ከሁሉም የቆየው፣ መግቢያው ለኔቫዳ ታርጋ 10 ለሌላ ስቴት ታርጋ 15 ዶላር፣ ስለዚህ የተከራያችሁት መኪና ታርጋ የካሊፎርኒያ ከሆነ 15ቱን ትከፍላላችሁ። እዚህ ድንጋዩ ራሱ የተለየ ነው፣ ፋየር ዌቭ የሚባለው ቦታ ላይ ቀይና ነጭ መስመር እንደ ጥለት ተራ በተራ ይሄዳል፣ ደርሶ መልሱ አንድ ተኩል ማይል ገደማ ነው፣ እላዩ ላይ ቁጭ ብላችሁ እጃችሁን ብታስቀምጡ አሸዋው እንደ ጤፍ ዱቄት ደቆ መዳፋችሁ ላይ ይቀራል፣ እና ይሄ ድንጋይ በዳይኖሰር ዘመን በነፋስ የሚሄድ የአሸዋ ክምር ነበር ሲሏችሁ ታምናላችሁ። አትላትል ሮክ እና ማውስስ ታንክ ጋ ደሞ ጥንት እዚህ የኖሩት ሰዎች ድንጋዩ ላይ የቀረጿቸው ስዕሎች አሉ፣ በግ አለ፣ ጸሀይ የሚመስል አለ፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎች አሉ። እባካችሁ በእጃችሁ አትንኩ፣ የእጅ ቅባት ያጠፋቸዋል።

የቱ ይሻላል? ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ፣ መራመድ የማይችል ሰው አብሯችሁ ካለ፣ ወይ መኪና ከሌላችሁና በቱር የምትሄዱ ከሆነ ሬድ ሮክ። ሙሉ ቀን ካላችሁና ፎቶ ከወደዳችሁ ደሞ ሰው ባይበዛብን ካላችሁ ቫሊ ኦፍ ፋየር፣ እኔ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው። በጋ ላይ፣ የፈረንጆቹን ሰመር ማለቴ ነው፣ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ቫሊ ኦፍ ፋየር ፋየር ዌቭን ጨምሮ ብዙዎቹን የእግር መንገዶች በሙቀቱ ምክንያት ይዘጋል፣ ያኔ በመኪና ብቻ ነው የምታዩት። በኡበር ወደዛ እንዳትሄዱ ደሞ፣ መሄጃውን ታገኛላችሁ መመለሻውን አታገኙም፣ ውስጡ ኔትወርክ የለም።

ግድቡና ተራራው

ሁቨር ዳም ከከተማው 30 ማይል ገደማ ነው፣ እና ለኛ ሰው ግድብ ማየት ለየት ያለ ስሜት አለው። ከአዲስ የመጡ እንግዶቼን ሁሉ እወስዳቸዋለሁ፣ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነው፣ "ከህዳሴ ጋር ሲተያይ እንዴት ነው?" ሁቨር ቁመቱ 221 ሜትር ነው፣ በጣም ረጅም፣ ግን ጠባብ ሸለቆ መሀል ስለሆነ ርዝመቱ 379 ሜትር ብቻ ነው፣ የኛ ዋናው ግድብ ደሞ ወደ 1.8 ኪሎሜትር ይረዝማል፣ በኃይልም ሁቨር 2,080 ሜጋዋት አካባቢ ነው የህዳሴው 5,150 ነው። አንድ አጎቴ ይሄን ስነግራቸው ግድቡ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ስራው የተጀመረው በ1931 ነው፣ ኔቫዳ ቁማርን ህጋዊ ያደረገችውም በዛው አመት ነው፣ ሰራተኞቹ እንዲኖሩባት መንግስት የሰራት ቦልደር ሲቲ ግን ቁማር የተከለከለባት ነበረች፣ ዛሬም ድረስ ካዚኖ የለባትም፣ ስትመለሱ ቁርስ ወይ ቡና እዛ አቁሙ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ግድቡን በእግር መሻገር ነጻ ነው፣ በኔቫዳ በኩል ያለው ፓርኪንግ ነው የሚያስከፍለው። ውስጡን በቱር መግባት ለቴክኒክ ሰው ጥሩ ነው፣ ለሌላው ከላይ ያለው ትልቁ ድልድይ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ማየት ይበቃል ባይ ነኝ። ግድቡ የፈጠረው ሌክ ሚድ የሚባለው ሀይቅ ዳርቻው ላይ ነጩን መስመር ታያላችሁ፣ ውሃው ድሮ እስከምን ድረስ እንደነበር ያሳያል፣ ልጆቼን ሁሌ አሳያቸዋለሁ፣ ቤት ውስጥ ቧንቧ ከፍተው ሲረሱት የማነሳባቸው እሱን ነው።

ማውንት ቻርልስተን ግን ማንም የማይነግራችሁ ቦታ ነው። ወደ ሰሜን ምዕራብ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ከበረሃ ወደ ጥድ ጫካ ትገባላችሁ፣ ጫፉ ወደ 11,900 ጫማ ነው፣ ከተማው ላይ 110 ፋራናይት ሲሆን እዛ ላይ ከሀያ እስከ ሰላሳ ዲግሪ ይቀንሳል። ቤቶቹ ያሉበት መንደር ከፍታው ከ7,500 ጫማ ያላነሰ ነው፣ ይሄ ማለት ከአዲስ አበባ ጋ የሚቀራረብ ማለት ነው። እናቴ ሐምሌ ላይ መጥታ ሳምንት ሙሉ ከኤሲ ስር አልወጣም አለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ እንቅልፍም አልያዛት አለ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሳልነግራት ይዣት ወጣሁ። መኪናውን አቁሜ በሩን ስከፍትላት አልወረደችም፣ ቁጭ እንዳለች አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰችና "እንጦጦ ነው እኮ!" አለች፣ ከዛ ነጠላዋን ተከናንባ ወረደች፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥዱን እየነካካች ዞረች፣ ለማጨስ ነው ብላ ከመሬት የወደቀ ቅርንጫፍ ልታነሳ ስትል ክልክል ነው ብዬ ተለማመጥኳት። በጋ ላይ ከመጣችሁና ትልቅ ሰው አብሯችሁ ካለ ሬድ ሮክም ቫሊ ኦፍ ፋየርም ይቅርባችሁ፣ እዚህ ውሰዷቸው። በ2023 ነሐሴ ሂለሪ የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ መንገዱን ጎድቶት ነበር፣ አንዳንድ የእግር መንገድም ይዘጋል ይከፈታል፣ ከመውጣታችሁ በፊት ኢንተርኔት ላይ እዩ። በፈረንጆቹ ክረምት፣ በዊንተር፣ ደሞ ሊ ካንየን የሚባለው በኩል በረዶ ላይ መንሸራተት አለ፣ በረዶ አይተው ለማያውቁ ልጆች ትልቅ ነገር ነው፣ ግን የጎማ ሰንሰለት ሊያስፈልግ ስለሚችል እሱንም ቼክ አድርጉ።

ራቅ ብሎ መሄድ ለሚፈልግ

ግራንድ ካንየን እንሂድ የማይል እንግዳ የለም፣ ግን የቱ ግራንድ ካንየን? ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ዌስት የሚባለው የዋላፓይ ጎሳ መሬት ነው፣ ሁለት ሰዓት ከምናምን ይነዳል፣ በ2007 የተሰራው የመስታወት ድልድይ ያለው እዛ ነው፣ ከገደሉ ጫፍ 70 ጫማ ወደ ውጭ ያወጣችኋል። ክፍያው በሰው ነው፣ የናሽናል ፓርክ ካርድ አይሰራም፣ ድልድዩ ላይ ደሞ ስልክ ይዞ መግባት ለረጅም ጊዜ ክልክል ነበር፣ ፎቶ የሚያነሱት እነሱ ነበሩ እንግዳው ይገዛ ነበር፣ አሁን እንዴት እንደሆነ ቀድማችሁ ካልጠየቃችሁ ትበሳጫላችሁ። ሳውዝ ሪም የሚባለው ናሽናል ፓርኩ ነው፣ ፖስት ካርድ ላይ የምታዩት እሱ ነው፣ ግን አራት ሰዓት ተኩል ይነዳል፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት መሪ ላይ ማለት ነው፣ እኔ አንዴ አድርጌዋለሁ ሁለተኛ አላደርገውም፣ አንድ አዳር ካላሰባችሁ ተዉት። ሶስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ዌስትን ከመረጠ አልፈርድበትም፣ ግን ያን ቀን ቫሊ ኦፍ ፋየር ቢያውለው በርካሽ የበለጠ ያያል ብዬ አምናለሁ።

ዛየን የሚባለው ናሽናል ፓርክ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ዩታ ውስጥ፣ እጅግ ያምራል፣ መራመድ ለሚወድ ከግራንድ ካንየንም ይበልጥበታል፣ ግን እሱም አዳር ይፈልጋል።

አንድ አዲስ ነገር አለ፣ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ዛየንን እና ሳውዝ ሪምን ጨምሮ አስራ አንድ ፓርኮች ላይ ከመደበኛው ክፍያ ሌላ በሰው 100 ዶላር ይጨምራል፣ ወይ ደሞ የ250 ዶላሩን አመታዊ ካርድ ይገዛል። ነዋሪው ካርዱን የሚያገኘው በ80 ነው። ስለዚህ በቪዚት ቪዛ የመጡ አባትና እናት ካሏችሁ ይሄን አስቡበት፣ ሬድ ሮክ ቫሊ ኦፍ ፋየር ሁቨር ዳምና ማውንት ቻርልስተን ላይ ይሄ ጭማሪ የለም።

ዴዝ ቫሊ የሚባለው በረሃ ከከተማው ሁለት ሰዓት ነው። ባድ ዋተር የሚባለው የጨው ሜዳ ከባህር ወለል በታች 86 ሜትር ነው፣ በሰሜን አሜሪካ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ነው፣ አፋር ወርዶ ዳሎልን ያየ ሰው "የኛ ይበልጣል" ይላል እውነቱን ነው፣ የኛ ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ እዚህ ግን አስፋልት ላይ በኤሲ መኪና ትደርሱበታላችሁ፣ ጨው ላይ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ገደሉ ላይ የባህር ወለሉ የት ጋ እንደሆነ ምልክት ተደርጎ ታዩታላችሁ። ከኖቬምበር እስከ ማርች ከመጣችሁ እንደምንም ብላችሁ ሂዱ። ከዛ ውጭ አልመክርም፣ በ1913 ሐምሌ 56.7 ሴንቲግሬድ የተመዘገበው እዚሁ ነው። እኔ ገና አገሩን ሳላውቀው ጁን ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በግማሽ ታንክ ቤንዚን ወጣን፣ ስልኩ ሲግናል ጠፋበት፣ ካርታውም አብሮ ጠፋ፣ አንዱን መገንጠያ ስተን አርባ ምናምን ማይል ነዳን፣ ቤንዚኑ እንዳያልቅ ኤሲውን አጠፋነው፣ ያለችን ውሃ ሶስት ትንንሽ ጠርሙስ ነበረች። ፓርኩ ውስጥ ያለው ማደያ ጋ ስንደርስ ዋጋው ከከተማው በብዙ ይበልጣል ግን ማንም ዋጋውን አላየም። ከዛን ቀን በኋላ ካርታውን ስልኬ ላይ ሳላወርድና ታንኩን ሳልሞላ ከቬጋስ አልወጣም።

ሙቀቱን አትናቁት። ቬጋስ ከተማው ራሱ በ2024 ሐምሌ 120 ፋራናይት ደርሷል። ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ውጭ የምትሄዱ ከሆነ ከ10 ሰዓት በፊት ጨርሳችሁ መኪና ውስጥ ሁኑ፣ በሰው አንድ ጋሎን ውሃ ያዙ፣ "አይ እኔ ድሬ ነው ያደግኩት" "እኔ አሰብ ኖሬያለሁ" የሚለውን ተዉት፣ እዚህ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ሳይታይ ይደርቃል፣ ውሃ እንዳለቀባችሁ የምታውቁት ራስ ምታቱ ሲጀምር ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ደሞ ሰማዩ ተራራው በኩል ከጠቆረ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ አትቆዩ፣ እናንተ ጋ ባይዘንብም ጎርፉ ይመጣል።

ምግብና ማንን የት እንደምትወስዱ

ስትሪፑ ላይ መብላት ውድ ነው፣ ለአንድ ቁርስ የምትከፍሉት ለቤተሰብ ይበቃል። ከስትሪፑ ወደ ምዕራብ አስር ደቂቃ ብትነዱ የኛ ሰው ሰፈር ነው፣ ክላርክ ካውንቲ በ2023 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ እውቅና ሰጥቶታል፣ ምግብ ቤቱም ሱቁም ቡናውም አለ፣ ረቡዕና አርብ በያይነቱ በደንብ ታገኛላችሁ። የኔ ልማድ ማታውኑ ሽሮ ወይ ፍርፍር በእቃ አስጠቅልዬ ማደር ነው፣ ጠዋት ይዘነው እንወጣና ቫሊ ኦፍ ፋየር ጥላ ያለው የሽርሽር ጠረጴዛ ጋ እንበላዋለን፣ ቡናውን በፔርሙስ። ለእንግዶቼ ከቡፌው ሁሉ የሚታወሳቸው እሱ ነው ይሉኛል።

እናትና አባት ይዛችሁ ከመጣችሁ አንዱን ጠዋት ሁቨር ዳም፣ አንዱን ማውንት ቻርልስተን ወይ ቀዝቃዛ ወቅት ከሆነ ሬድ ሮክን በመኪና፣ ማታ ቤላጂዮና ሃይ ሮለር፣ ከዛ በላይ አታሯሯጧቸው። ልጆች ካሉ ቫሊ ኦፍ ፋየር፣ ድንጋይ ላይ መውጣት ከስትሪፑ መብራት ሁሉ የበለጠ ደስ ይላቸዋል፣ ከሰዓት ሆቴሉ ገንዳ ውስጥ ይዋኙ። ጎረምሶች ከሆናችሁና ለሰርግ ወይ ለኳስ ውድድር ከመጣችሁ መቼም ማታ ማታ ፍሪሞንትና ስትሪፑ ናችሁ፣ ግን ቢያንስ አንዱን ጠዋት ከመኝታ ተነሱና ሬድ ሮክ ካሊኮ ታንክስ የሚባለውን መንገድ ውጡ፣ ሁለት ተኩል ማይል ገደማ ነው፣ ጫፉ ላይ ስትደርሱ ከተማው ሙሉ በሙሉ ከስር ይታያችኋል፣ ትናንት ማታ እዛ ውስጥ እንደነበራችሁ ይገርማችኋል። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ጠዋት ሬድ ሮክ፣ ምሳ ሊትል ኢትዮጵያ፣ ከሰዓት እንቅልፍ፣ ማታ ቤላጂዮ፣ በቃ።

እና ከመተኛታችሁ በፊት የውሃ ጠርሙሶቹን ግማሽ ግማሽ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ፣ ሆቴል ከሆናችሁ ኮሪደሩ ላይ ካለው የበረዶ ማሽን ኩለር ሙሉ ቅዱ፣ ጠዋት ላይ ቀሪውን በውሃ ሙሉትና 6 ሰዓት ላይ ውጡ። ድንጋዩ ጋ ስትደርሱ ግማሹ በረዶ ግማሹ ውሃ ሆኖ ይጠብቃችኋል።